የድመት ቆዳ ካንሰር፦ በመርፌ ወይስ በባዮፕሲ?

ነጭ ድመት ካለችዎ የጆሮዋን ጫፍ ይዩ። ፀጉሩ የሳሳበት ቦታ ቀልቶ፣ ቅርፊት ሠርቶ፣ ሲነካ የሚደማ ቁስል አለ? ሳምንታት አልፈው ካልዳነ “ከሌላ ድመት ተጣልታ ነው” ብለው አይተዉት። ፀሐይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ካንሰር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። በቀጭን መርፌ ሴል ወስዶ ማስመርመር ፈጣን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣም አይፈልግም። ከቆዳ ሥር ላለ እብጠት እኔም እሱን አስቀድማለሁ። ከቆሰለ ጆሮ ላይ ግን መርፌው መግልና ደም ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ባዮፕሲ፣ ማለትም ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ማስመርመር፣ ማደንዘዣ ይጠይቃል። ውጤቱም ቀናት ይፈጃል፤ መጠበቁ ያስጨንቃል። ግን የካንሰሩን ዓይነትና ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ያሳያል። ለማይድን የጆሮ ቁስል ምርጫዬ ባዮፕሲ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት የጆሮውን ጫፍ ቆርጦ በማውጣት ብቻ ድመቷ ልትድን ትችላለች።