ቢኤምደብሊው 325አይ ኩፔ፦ ከ14 ወርና ከ11 የትራክ ቀን በኋላ

መኪናዬ የ1993 ምርት ቢኤምደብሊው 325አይ ነው፤ ባለሁለት በር ኩፔ። ወዳጆቹ ኢ36 ይሉታል። 2.5 ሊትር ሞተር አለው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተሰደሩ ናቸው። 192 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፤ ማርሹ በእጅ ነው። ስገዛው ቀለሙ ደብዝዟል፣ ወንበሩም ተቀዷል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። የፈለግሁት በገዛ እጄ እየሠራሁት ውድድር መንዳት ልማርበት ነበር።

ይኸው 14 ወር ሆነን። 11 ቀን ትራክ፣ ማለትም የውድድር መንጃ ሜዳ ላይ ውለናል፤ ሁለት ጊዜም የጀማሪዎች ውድድር ገብተናል። ስለዚህ መኪና ብዙ ማለት እችላለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍሬን መልቀቅ ማስተማሩ ነው። መርገጥ አይደለም፣ መልቀቅ። እመለስበታለሁ።

ከመሮጡ በፊት ማስታመም ነበረብኝ። የኢ36ን ጠባይ የሚያውቅ መካኒክ መጀመሪያ የሚያየው ማቀዝቀዣውን ነው። የራዲያተሩ አንገት ፕላስቲክ ነው። የቴርሞስታቱ ቤት ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ ላይ የውሃ ፓምፑ መቅዘፊያ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ዕድሜ ሲጫነው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ውሃው ካለቀ ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀት ይጣመማል። ስለዚህ ራዲያተሩን፣ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱንና ቱቦዎቹን አንድ ላይ ለወጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሙቀት አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሁለተኛው የታወቀ ድክመት ዘይት ፓምፑ ላይ ነው። ፓምፑን የሚያዞረውን ጥርስ የያዘች አንዲት ዳዶ አለች። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ደጋግሞ ሲሠራ ትላላለች። ከወለቀች የዘይት ግፊቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሞተሩም ይከተላል። እሷን ለማግኘት ሞተሩን ከላይ ደግፎ፣ ከፊት ያለውን ተሸካሚ ዝቅ አድርጎ፣ የዘይት ቋቱን ማውረድ ያስፈልጋል። ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ዳዶዋን በሽቦ አስሬ ዘጋሁት። ይህን መኪና ለትራክ የሚገዛ ሰው ይህን ሥራ ለነገ ባያሳድር ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ ተሳሳትኩ። ጠንካራ ሞላ አስገብቼ መኪናውን ስድስት ሴንቲሜትር ዝቅ አደረግሁት። ቆሞ ሲያዩት ዓይን ይስብ ነበር። ኩርባ ውስጥ ግን ሾክ አብዞርበሩ የሚወርድበት ቦታ አጥቶ መጨረሻው ላይ ይመታል። በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን ይለቃል። ሳላውቀው ሦስት ወር ያህል ከዚህ ጋር ስታገል ኖርኩ፤ ጥፋቱ የአነዳዴ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሴንቲሜትሩን መልሼ ከፍ ሳደርገውና ለስለስ ያለ ሞላ ስተካለት መኪናው ሌላ ሆነ።

በእርግጥ ከጠቀሙኝ ነገሮች አንዱ አዲስ ጎሚኒ ነው፤ የእግሮቹ ብረቶች በሚጋጠሙበት ቦታ የሚገባው ላስቲክ። 30 ዓመት የቆየ ጎሚኒ ሥራውን ጨርሷል። የኋላው ጎሚኒ ሲለወጥ ፍሬን ላይ የነበረው መወላገድ ቀረ። ሌላው የፊት ጎማዎቹ አቋም ነው። የላይኛው ጫፋቸው ሦስት ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል አደረግኋቸው። በፊት በሁለት የትራክ ቀን የጎማው የውጭ ትከሻ ተበልቶ ያልቅ ነበር፤ የውስጡ ጥርስ ግን እንደ አዲስ ነበር። አሁን እኩል ይበላል።

ወደ ፍሬኑ ልመለስ።

ሦስተኛው የትራክ ቀኔ ላይ፣ ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ፣ ፔዳሉን ስረግጠው ወለል ድረስ ወረደ። ልቤም አብሮ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘ። ማርሽ ቀንሼ፣ ሰፊው አስፋልት ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ማንም አልተጎዳም። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግሬ የሚጨምቀው እንፋሎቱን ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ትራክ ላይ ግን ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አሁን ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል የውድድር ዘይት እጠቀማለሁ። ከእያንዳንዱ የትራክ ቀን በፊትም ከፍሬኑ ቱቦዎች ውስጥ አየሩን አስወጣለሁ። ካደረግኋቸው ለውጦች ሁሉ ትንሽ ገንዘብ የጠየቀው፣ ብዙ ያተረፈኝም ይህ ነው።

የፍሬን ሸራውንም ለወጥኩ። የመንገድ ሸራ በቀዝቃዛው ጥሩ ይይዛል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። የውድድር ሸራ በተቃራኒው ካልሞቀ አይሠራም፣ ይጮኻል፣ ዲስክ ይበላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ይዤ ቀያይራለሁ። የመጀመሪያው የውድድር ሸራዬ አያያዙ ኃይለኛ ነበር። ችግሩ አለቃቀቁ ነበር። እግሬን ሳነሳ በአንዴ ይለቃል፤ በመሃል የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው አያያዙ ትንሽ ቢቀንስም አለቃቀቁ የሚታዘዝ ነው። እስካሁን ከእሱ ጋር ነኝ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ አስተማሪዬ አጠገቤ የተቀመጠ ቀን ነው። ሁሌም ጠንክሬ እረግጥ ነበር፤ ከዚያ ኩርባው መግቢያ ላይ እግሬን በአንዴ አነሳለሁ። አፍንጫው ብድግ ይላል። መሪውን ባጠመዝዝም መኪናው ወደ ውጭ ይሄዳል። ሲረገጥ ክብደቱ ፊት ጎማዎቹ ላይ ይጫናል፤ በድንገት ሲለቀቅ ጭነቱም በድንገት ይነሳል። ልክ ጎማው ጭነት በሚፈልግበት ሰዓት እኔ እቀማው ነበር። አስተማሪዬ «የተኛ ሕፃን ሥር እጅህን እንደምታወጣ አድርገህ ልቀቀው» አለኝ።

ሁለት ዙር ሞከርኩ፤ አልሆነም። ሦስተኛው ላይ መሪውን እየጠመዘዝኩ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት። መኪናው ራሱ ወደ ኩርባው ገባ። እንዴት ደስ እንዳለኝ መግለጽ ይከብደኛል። ይህ መኪና ሚዛኑን የሚያስተካክል ኮምፒውተር የለውም። ጎማው በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው እጅና እግሬ ነው። ከልክ በላይ ካቆየሁት ጅራቱ ይንሸራተታል፤ ከቸኮልኩ አፍንጫው ይሸሻል። ጥፋቴን እዚያው ይነግረኛል።

ሁልጊዜ የምሄድበት ትራክ 2.9 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ አንዱን ዙር በ1 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ እጨርስ ነበር፤ አሁን 1 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው። ሞተሩን ለጉልበት ብዬ አልነካሁትም።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ባለብዙ ማሰሪያ የውድድር ቀበቶ ያለ ብረት ቤት (ጣሪያውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ የብረት ማዕቀፍ) አታስገቡ። መኪናው ቢገለበጥና ጣሪያው ቢደፈጠጥ ቀበቶው ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል፤ ጎንበስ ማለት አይቻልም። ብረት ቤቱ፣ ወንበሩ፣ ቀበቶውና የአንገት መከላከያው አንድ ላይ የሚገቡ ነገሮች ናቸው። የራስ ቁሩም እሳት የሚቋቋም የመኪና ውድድር ደረጃ ያለው ይሁን፤ የሞተር ሳይክሉ ለዚህ አልተሠራም። መከላከያዎቹ እስኪሟሉ ድረስ ውድድር አልገባሁም፤ ሰባት ወር ጠብቄያለሁ።

ሁለተኛው ውድድሬ ላይ ከ22 መኪና 19ኛ ተነሳሁ። ከፊቴ የነበረው መኪና ቀጥታው ላይ ጥሎኝ ይሄድ ነበር፤ ጉልበቱ ይበልጣል። ስድስተኛው ዙር ላይ ረጅሙ የቀኝ ኩርባ መግቢያ ላይ ጎን ለጎን ደረስን። እሱ ፍሬኑን ቶሎ ለቅቆ ወደ ውጭ ሰፋ። እኔ ቀስ ብዬ ለቅቄ በውስጥ በኩል አለፍኩ። 14ኛ ጨረስኩ። ሲያበቃ መጥቶ ጨበጠኝ፤ ስለዚያች ኩርባ ግማሽ ሰዓት አወራን።

የማልወድለት ነገር ዲፈረንሻሉ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል። የእኔ ክፍት ነው፤ አንደኛው ጎማ ሲሽከረከር ሌላውን የሚይዝበት የለውም። በሁለተኛ ማርሽ ከምትወጣ ጠባብ ኩርባ ስወጣ የውስጡ የኋላ ጎማ ይቀላል፤ ባዶውን ይሽከረከራል፤ መኪናው ግን አይሄድም። መንሸራተትን የሚገድበው ዓይነት ተገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። አስተማሪዬ ግን ከማስገባቴ በፊት አንድ ቀን በዝናብ በዚሁ በክፍቱ እንድነዳ አዞኛል። እርጥብ አስፋልት ላይ የነዳጅ ፔዳሉን ቀድሜ ከነካሁ ጎማው ወዲያው ይናገርብኛል። የሚቀጥለው የትራክ ቀን ዝናብ እንዳለው ትንበያው ያሳያል። የዝናብ ጎማዎቹን ትናንት ማታ አሰርኩ፤ የፍሬኑንም አየር አስወጥቻለሁ።