ደብተሬን መጽሐፍ ላደረገችልኝ ልጅ

ወገኖቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ረጅም መንገድ የለመድሁ ሾፌር ነኝና ጽሑፌ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ። የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የአርትዖትና የመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ሥራ ትሠራለች። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ እዚህ አልጽፈውም። የሚፈልጋት ሰው በመልእክት ይጠይቀኝ፣ ወዲያውኑ እሰጣለሁ። መጽሐፌ ታትሞ እጄ ገብቷል። እግዚአብሔር ያክብራት።

ልጆቼን ያሳደግሁት ከአሰብ ነዳጅ በቦቴ እያመላለስሁ ነው። ኮምቦልቻን ለቅቀን ወደ ባቲ እንወርዳለን፤ ሰኞ ከሆነ ገበያው መንገዱን ዘግቶ ያቆመናል። ከዚያ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፤ ከዚያ ባሕሩ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ እኛም በጋላፊ በኩል ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዞርን። የዛሬ ወጣት አሰብን የሚያውቃት በካርታ ነው። ጓደኞቼ አንድ በአንድ እያለፉ ሲሄዱ፣ «ይህን ነገር ጻፈው እንጂ፣ አንተም ይዘኸው ልትሄድ ነው?» ይሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ምክንያት አላጣም። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሠን ከሰ፣ ፀን ከጸ አልለይም። በኮምፒውተር መጻፍ አልችልም። ዕድሜዬ ሄዷል። ወረቀት እንደ ወርቅ ተወዷል። ደግሞስ የአማርኛ መጽሐፍ ማን ያነባል? ቢያነቡትስ ሰርቀው ቢያሳትሙት ማንን እከሳለሁ? እንዲህ እያልሁ ስንት ዓመት ተቀመጥሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን እንቅልፍ ሲነሣኝ ማታ ማታ በደብተር ላይ መሞነጫጨር ጀመርሁ።

ይህችን ልጅ ከማግኘቴ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁንም ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የሄድሁበት ጽሕፈት ቤት ቀብድ ተቀበለኝ፣ ደረሰኝ አልሰጠኝም። ከብዙ ምልልስ በኋላ በፍላሽ የሰጡኝን የልጄ ኮምፒውተር ላይ ብንከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ ገጹ ሁሉ የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ተመልሼ ስጠይቅ «እኛ ጋ በትክክል ይታያል» ብለው አሰናበቱኝ። ቀጥሎ «አርታኢ ነኝ» የሚል ሰው ተገኘ። እሱ ደግሞ የሾፌር ቃሌን ሁሉ እየሰረዘ የቢሮ ደብዳቤ አደረገው። ቁልቁለቱን «በከባድ ማርሽ ወረድን» ያልሁትን «በከባድ ችግር ወረድን» ብሎ አርሞልኛል! ሦስተኛው «አሳታሚ ነኝ» ባይ ነበር። ፈገግታው የሚማርክ፣ ቡና የሚጋብዝ ሰው። ገንዘቤን ከተቀበለ በኋላ ስልኩ ተዘጋ፣ ቢሮውም ሌላ ሰው ገባበት። ያን ጊዜ ደብተሮቼን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ጣልኋቸው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አውርዳ አቧራቸውን ጠርጋ መልሳ ታስቀምጣቸው ነበር። ምንም አትለኝም።

ልጅቷን የጠቆመኝ የሠፈራችን ጡረተኛ መምህር ነው። ፌስታሌን ይዤ ደረጃውን እያለከለክሁ ወጣሁ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ስለ ዋጋ አንድም ቃል ሳትናገር ደብተሩን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። የገዛ ልጆቼ የማያነቡትን የእጅ ጽሑፌን ጮክ ብላ አነበበችው። ስለ ሠ እና ሰ ጭንቀቴን ስነግራት፣ «አባባ፣ ያ የእኔ ሥራ ነው፤ እርስዎ ስለ ሚሌ ሙቀት ይጨነቁልኝ» አለችኝ። ያንን ዝብርቅርቅ ፍላሽ ደግሞ ሰጥቻት ሻይ ጠጥቼ ብመለስ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም፣ ብትነግረኝም አይገባኝም።

ስለ ስርቆት ያለኝንም ፍርሃት ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለ። ሥራው የራስህ ፈጠራ ሆኖ በጽሑፍ ከሰፈረ ጀምሮ መብቱ የአንተ ነው፤ በሕይወት እስካለህ ድረስ፣ ከሞትህም በኋላ ለወራሾችህ 50 ዓመት ይቆያል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደብተሬ ገና ቁም ሣጥን ላይ ሳለ መብቱ የእኔ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ቀን ደውላ ጠራችኝ። ስሄድ በእርሳስ ያሠመረችበትን ገጽ አሳየችኝ። «አባባ፣ ስለ መኪናዎ ጎማ አራት ገጽ ጽፈዋል። ስለ ረዳትዎ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፉት። ለምን?» አለችኝ። ረዳቴ ከባቲ ይዤው የወጣሁ ልጅ ነበር። ማታ ከቦቴው ሥር ሰሌን አንጥፎ ይተኛል፣ ጎሕ ሳይቀድ ሻይ አፍልቶ ይቀሰቅሰኛል፣ አፋርኛ ስለሚያውቅ በየደረስንበት የሚያስተናግዱን በእሱ ምክንያት ነው። ዲቾቶ ላይ በወባ ነደደብኝ። ሐኪም ጋ ሳላደርሰው አረፈ። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር፣ ለሟች ባለቤቴም ቢሆን። ልጅቷ የኮምፒውተሩን መጻፊያ ወደ ጎን ገፋችው። አንድ ፊደል አልጻፈችም፣ እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ውጭ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ በእጇ ምልክት ሰጥታ መለሰችው። ከዚያ ከመሳቢያዋ አዲስ ደብተር አውጥታ፣ «ይህን ቤትዎ ሄደው በራስዎ እጅ ይጻፉት። እኔ ከጻፍሁት የእኔ ይሆናል» አለችኝ። የጻፍሁት ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ረጅሙ ሆነ። ዛሬ ሰዎች የሚደውሉልኝ ስለዚያ ምዕራፍ ነው። አንድ ሰው ከደሴ ደውሎ እያለቀሰ አናገረኝ፣ እኔም አብሬው።

እንዲህ ያለ አርታኢ የት ይገኛል? ንገሩኝ እስቲ!

ማተሚያ ቤት ስንደርስ ደግሞ ዕቁቤ ወጥቶልኝ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ አንድ ሺህ ቅጂ እንዲታተም ጠየቅሁ። ብዙ ሲታተም የአንዱ ዋጋ ስለሚቀንስ ሰዉ ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። እሷ ናት የከለከለችኝ። ብዙ ባሳትም ለእሷም የሚደርሳት ድርሻ ነበረ እኮ! «ገንዘብዎን አልጋ ሥር አይደርድሩት። መጀመሪያ ሁለት መቶ ቅጂ በዲጂታል ማተሚያ እናውጣ፣ ካለቀ ይጨመራል» አለችኝ። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማለቴ ነው፣ አብረን አወጣን፤ ከታተመ በኋላም እዚያ ቅጂ ማስገባት እንዳለብኝ አስታወሰችኝ። ለመጽሐፍ መደብሮችና ለአዟሪዎች ስናስረክብ ስንት እንደወሰዱ፣ ሒሳቡ መቼ እንደሚሰበሰብ በአንዲት ትንሽ ደብተር መዝግባ ሰጠችኝ። ሁለት መቶው አልቆ ሁለተኛው ኅትመት ወጥቷል። አንባቢ የለም የምትሉ፣ የቦቴ ሾፌር የጻፈውን መጽሐፍ የገዛው ማን ነው ታዲያ? ሾፌሩ፣ የሾፌሩ ልጅ፣ ወሎ ያደገው፣ አሰብ ተወልዶ የመጣው ነው የገዛው።

እናንተ ጡረታ የወጣችሁ ነርሶች፣ መምህራን፣ የባቡር ሠራተኞች፣ በየቤታችሁ ደብተር ያላችሁ፣ ሂዱላት። የእጅ ጽሑፌ አይነበብም አትበሉ፣ ከእኔ የባሰ አይሆንም። መጻፍ የማይችል እየተናገረ በስልክ ቀድቶ ቢያመጣላት እሱንም ትጽፋለች። ገንዘብ ያጠረው በየምዕራፉ ይከፍላታል፤ እኔም እንዲሁ ነው የከፈልሁት። ለከፈላችሁት ሁሉ ሳትጠይቋት ደረሰኝ ትሰጣለች። በጣም ጥሩ ልጅ ናት፣ ደግሜ እላለሁ፣ በጣም ጥሩ ልጅ ናት።

ሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትገኝም፣ ማተሚያ ቤት ነው የምትውለው። ደረጃው ረጅም ስለሆነ እንደ እኔ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ከታች ሆኖ ይደውልላት፣ ወርዳ ደብተሩን ትቀበለዋለች።