ሙሉ ብር ወይስ ብር ቅብ፦ አሮጌ ማንኪያና ሹካ ከመግዛትና ከመሸጥ በፊት

በአሜሪካና በአውሮፓ ያገለገለ የቤት ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ፣ ውስጡ ጨርቅ የለበሰ ሣጥን ውስጥ የተደረደረ ማንኪያ፣ ሹካና ቢላዋ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሻጩ «ብር ነው» ይላል። ሙሉ ብሩም ሆነ ብር ቅቡ ሲወለወሉ እኩል ያበራሉ፣ ሲቀመጡም እኩል ይጠቁራሉ፤ ስለዚህ መልኩን ትቶ ጀርባው ላይ ያለውን ማኅተም ማንበብ ይቀድማል።

ስተርሊንግ የሚባለው ሙሉ ብር ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር ሲሆን፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ቃሉ ራሱ ይጻፍበታል፤ የእንግሊዝ ስተርሊንግ ሲራመድ የሚታይ አንበሳ ይታተምበታል፣ በርሚንግሃም የተመረመረ ከሆነም መልሕቅ ይጨመርበታል። የጀርመኑ በአብዛኛው 800 የሚል ቁጥር ያለው ሲሆን፣ ከ1888 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ አብረውት ይታያሉ። 800 ከስተርሊንግ ቢያንስም ሙሉ ብር መሆኑ አይካድም፤ አያቶቻችን ጌጥ ያሠሩበት ጠገራ ብርም ቢሆን 833 ገደማ እንጂ 925 አልነበረም።

ብር ቅብ ግን ውስጡ ሌላ ማዕድን ነው። ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ. የሚሉት አራት የላቲን ፊደላት ዕቃው በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ «ኒኬል ብር» መሆኑን ያመለክታሉ። ስሙ ያታልላል፤ ኒኬል ብር፣ በሌላ ስሙ የጀርመን ብር፣ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ እንጂ ቅንጣት ብር የለበትም። በአውሮፓ ማንኪያ ላይ 90 የሚል ቁጥር አይቶ «90 በመቶ ብር ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ቁጥሩ ግን 12 ማንኪያና 12 ሹካ ለመቀባት የዋለውን ብር በግራም የሚገልጽ ነው። «1847 ሮጀርስ ብራዘርስ» የሚለውም የአሜሪካ ብር ቅብ የንግድ ስም እንጂ ዕቃው የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ጠገራ ብር መቼም ይመታ መቼ 1780 ይታተምበት እንደነበረው ማለት ነው።

ማኅተሙ ተፍቆ ካልተነበበ ማግኔት ብዙም አይረዳም፤ የሚይዘው ብረትን ነው፣ ኒኬል ብርም እንደ ብሩ አይሳብለትም። እኔ የማምነው የወጥ ቤት ሚዛን ነው፤ የግራምን አሥረኛ የሚያነብ መሆን አለበት። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ንባቡን ወደ ዜሮ ከመለሱ በኋላ፣ ማንኪያውን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ብርጭቆውን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ መንከር ነው። በደረቁ 62 ግራም የመዘነ ማንኪያ ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ 6 ግራም ገደማ ካስነበበ ስተርሊንግ ሊሆን ይችላል፤ 7.1 ግራም ካስነበበ ግን ኒኬል ብር ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ያረጀ ቅብ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል፤ የማንኪያው ሆድ ጠረጴዛ በሚነካበት ቦታና የሹካው ጥርስ ጫፍ ላይ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ቀለም ብቅ ይላል።

ለእንግዳ ማዕድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያልተላጠ ብር ቅብ ከበቂ በላይ ነው፤ የተላጠውን ግን፣ እንደገና ማስቀባቱ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ባይገዛ ይሻለዋል። ገንዘቡን በዕቃው ለማቆየት የሚያስብ ሰው ሙሉ ብሩን በክብደት ይግዛ።

ለሚሸጥ ሰው ልዩነቱ የሰፋ ነው። ብር ቅብ ሲቀልጥ የሚተርፈው ብር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ የሚሸጠው ባልጎደለ ስብስብነቱ ነው። የስተርሊንግ ዋጋ መነሻ ግን ስሌት ነው፤ 12 ማንኪያ በ62 ግራም 744 ግራም ይሆናል፣ በ0.925 ሲባዛ 688 ግራም ብር፣ ይህም በብር ገበያው አውንስ፣ ማለትም በ31.1 ግራም፣ 22 አውንስ ያህል ነው። ገዢው አቅልጦ የሚያተርፍበትን ይቀንሳል፤ ሆኖም የታወቀ አንጥረኛ ሥራ ከቀለጠ ብር በላይ ሊያወጣ ይችላልና ሳያስመረምሩ መስጠት ኪሳራ ነው። ጥር 1980 እ.ኤ.አ. የብር ዋጋ በአውንስ ወደ 50 ዶላር በተጠጋ ጊዜ ስንት ያማረ የማዕድ ዕቃ እቶን ውስጥ ገብቷል።

ቢላዋ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለቱ ብረት ነው፣ እጀታውም አብዛኛውን ጊዜ ስስ የብር ሽፋን ሆኖ ውስጡ በሙጫ መሳይ ነገር ይሞላል፤ ስለዚህ የውኃው ሙከራም፣ ከላይ ያለው ስሌትም አይሠራበትም። ሻጭ ቢላዋዎቹን ከማንኪያው ጋር ደምሮ በግራም ዋጋ ከጠራ፣ ለብቻ እንዲመዘኑ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።