385 ሞተር በሞዴል ጀልባ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሐዋሳ ውስጥ ሞዴል ጀልባ ለመሥራት የሚነሳ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ “ሞተሩ ስንት ቮልት ነው?” ብሎ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ “ፕሮፔለርህ ስንት ሚሊ ነው?” ነው። ሞተር የሚመረጠው ከፕሮፔለሩ ተነስቶ ነው። ወራት ሙሉ ስጠቀምበት የቆየሁት 385 ሞተር ይህን በደንብ ያሳያል።

ጀልባዬ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ እየተነሱ እንግዳ የሚያንሸራሽሩትን የእንጨት ጀልባዎች ትመስላለች። ከኮምፔንሳቶ የተሠራች ናት። ርዝመቷ 60 ሳንቲም፣ ክብደቷ ከነባትሪው 2 ኪሎ ገደማ ነው።

385 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ሞተሩ ቁመና እንጂ ስለ ጉልበቱ አይደለም። የጃፓኑ ማቡቺ ኩባንያ አርኤስ 385፣ አርኤስ 550 እያለ ሲያወጣቸው የኖሩ ስሞች ናቸው፤ ዛሬ ሌሎችም አምራቾች በዚሁ ይጠሯቸዋል። 385 ውፍረቱ 28 ሚሊ፣ ርዝመቱ 38 ሚሊ አካባቢ ነው። ሻፍቱ 2.3 ሚሊ ነው። በገመድ አልባ ድሪል ውስጥ የምናገኘው 550 ግን 36 ሚሊ ይወፍራል። ቁመናቸው አንድ የሆኑ ሁለት 385ዎች ውስጣቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞበታል፤ በ12 ቮልት ረጋ ብሎ ይዞራል። ሌላው ወፍራም ሽቦ በጥቂቱ ተጠምጥሞበታል፤ በ6 ቮልት ይፈጥናል፣ 12 ከሰጡት ይቃጠላል። ስለዚህ ሲገዙ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። የሚሠራበትን ቮልትና ያለ ጭነት የሚዞረውን ዙር ይጠይቁ።

የእኔ ባለ 12 ቮልቱ ነው። ባትሪው በተከታታይ የተያያዙ ሦስት 18650 የሚባሉ የሊቲየም ሴሎች ነው፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት ይሰጣል።

ዋናው ፈተና የተደረገው ሐይቁ ላይ ሳይሆን ቤት፣ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ነው። ጀልባዋን ከኋላ በገመድ አስሬ፣ ቴስተሩን በመስመሩ መሀል አስገብቼ አምፔሩን አነበብኩ። በ30 ሚሊ ፕሮፔለር 2 አምፔር አካባቢ ላይ ቆመ። ሞተሩን ስነካው ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። 40 ሚሊውን ስገጥምለት ከ4 አምፔር አለፈ። ትንሽ ቆይቼ ስነካው ጣቴን አላስቀምጥም አለኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅርጹ አንድ ከሆነ፣ በተመሳሳይ ዙር ከ30 ወደ 40 ሚሊ መውጣት የሚጠይቀውን ጉልበት 4 እጥፍ ያደርሰዋል። ሞተሩ ዙሩን ይቀንሳል፣ አምፔሩን ይጨምራል፣ ትርፉ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ በ30 ሚሊው ጸናሁ፤ ፍጥነቱም ለዚች ጀልባ ከበቂ በላይ ነው።

ሐይቁ ላይ የሚያስቸግረው የዳር ሣር ነው። ሣሩ ሻፍቱ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ቀጥ ይላል። የቆመ ሞተር ደግሞ የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ባለ 5 አምፔር ፊውዝ በመስመሩ ላይ ስላለ እሱ ይበጠሳል፣ ሞተሩ ይተርፋል። ፊውዝ የሌለው ጀልባ ወደ ሐይቁ ባይወርድ እመርጣለሁ። ሰዓቱም ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ንፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ይገለብጣል። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ከሆኑ ደግሞ ጉማሬ መኖሩን አይርሱ፤ ጀልባዋ ውኃው መሀል ብትቆም ተከትለው እንዳይገቡ።

መጀመሪያ ሞተሩ ሲዞር የመሪው ሰርቮ (መሪውን የምታዞረው ትንሽ ሞተር) ከሞተሩ በሚወጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረብሻውን የሚያፍኑ፣ 104 የሚል የተጻፈባቸው ሦስት ትንንሽ ካፓሲተሮች በየድኩት። አንዱ ሽቦ በሚያያዝባቸው በሁለቱ የሞተሩ እግሮች መካከል፣ ሁለቱ ከየእግሩ ወደ ሞተሩ ቆርቆሮ። ወዲያው ጸጥ አለ። ይህን ሥራ ሞተሩን ጀልባው ውስጥ ከማሰርዎ በፊት ይጨርሱት፤ በኋላ እጅ አይገባም።

ከወራት በኋላ ምን ተለወጠ? ድምፁ። ከበፊቱ ሻከር ብሏል። በኋላው ቀዳዳ በኩል ጥቁር የካርቦን ብናኝ ይታያል። ሻፍቱ የሚዞርበት ተራ ቡሽ እንጂ ኩሽኔታ አይደለም፤ አልፎ አልፎ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱ ከበዛ ካርቦኑን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈውን ብሩሽ፣ ያበላሻል። የማልወድለት ነገር ካርቦኑ አለመቀየሩ ነው። ሲያልቅ ሞተሩ አብሮ ይጣላል፣ ይህ ያሳዝነኛል።

ካርቦን የሌለው ብራሽለስስ? 2212 የሚባለውን ባለ 1000 ኬቪ ሞተር ብዙዎች ይጠቅሱልኛል። በአንድ ቮልት 1000 ዙር ማለት ስለሆነ በ11.1 ቮልት ያለ ጭነት 11,100 ይዞራል። የተሠራው ግን ለአየር ፕሮፔለር ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ስፒድ ኮንትሮለርም (የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ የአውሮፕላን ኮንትሮለሮች ደግሞ ወደ ኋላ አያስኬዱም። ዳር ላይ ሣር ውስጥ ለሚገባ ጀልባ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

ከ50 እስከ 70 ሳንቲም ለሆነች፣ ረጋ ብላ ለምትሄድ ጀልባ 385ን ያለ ስጋት እመክራለሁ። ሜትር ለሚጠጋ ከባድ ጀልባ ግን አይሆንም። ለዚያ 550ውን ዝቅ ባለ ቮልት ማሠራት ይሻላል፤ እሱንም መጀመሪያ ሳፋ ውስጥ ለኩት።