ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን፦ አንደኛው ምዕራፍ ወይስ ሁለተኛው?

ሰሞኑን ጎንደር ቤታችን ቁጭ ብለን ከታናሽ ወንድሜ ጋር የዙፋን ጠብ የሚተርከውን የዚህን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች እንደገና አየናቸው። እሱ ሁለተኛውን ይመርጣል። እኔ ግን አንደኛውን።

በፈረንጆቹ 2022 የወጣው አንደኛው ምዕራፍ 10 ክፍል አለው። ዓመታትን እየዘለለ ስለሚሄድ፣ የንጉሡ ልጅ የራኒራና የጓደኛዋ፣ ኋላም የእንጀራ እናቷ የአሊሰንት ተዋንያን መሃል ላይ ይቀየራሉ። መጀመሪያ ግር ይላል። ግን የሁለቱ ቂም ከሥሩ እንዴት እንደተጠነሰሰ ታያላችሁ። ስምንተኛው ክፍል ላይ በሽታ የጨረሰው ንጉሥ ቪሰሪስ እየተንገዳገደ ወደ ዙፋኑ ይሄዳል። ዘውዱ ይወድቅበታል። የተጣላው ወንድሙ ዴሞን አንስቶ መልሶ ይደፋለታል። አሁንም እንባዬ መጣ። ንጉሡን ሆኖ የሚተውነው ፓዲ ኮንሲዳይን ያን ትዕይንት በትንፋሹ ብቻ ነው የተጫወተው።

ለእኛ ለጎንደሬዎች ደግሞ የዙፋን ጠብ ሩቅ ተረት አይደለም። ታላቁ አፄ ኢያሱ እንደ ፈረንጆቹ በ1706 የተገደሉት የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ከነገሠ በኋላ ነው። ፋሲል ግቢን ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የ2024ቱ ሁለተኛ ምዕራፍ 8 ክፍል ብቻ ነው። አራተኛው ክፍል ላይ ያለው የድራጎኖች ውጊያ ግን ጉድ ነው! እዚህ ላይ ወንድሜ እውነቱን ነው፤ አንደኛው ያን የሚያክል ውጊያ የለውም። ችግሩ፣ ዴሞን ሃረንሃል የተባለ ያረጀ ግንብ ገብቶ በቅዠት ሲንከራተት ታሪኩ አብሮት ይቆማል። መጨረሻው ይባስ ያናድዳል። ጦሩ ተነሣ፣ መርከቡ ተንቀሳቀሰ፣ አሁን ገና ሊጀመር ነው ስንል አለቀ።

አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ አንደኛውን እዩ። ስምንተኛውን ክፍል ግን ስልክ አስቀምጣችሁ።