«ሰፕረስ»ን በኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት መፈለግ

በነጻ የሚከፈተው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ «ሰፕረስ» (suppress) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በ4 ፍቺ ይከፍለዋል። ለተርጓሚ ትልቅ ነገር ነው። አመፅ ከሆነ «አፈነ» ወይም «ደፈጠጠ»፣ ማስረጃና ዜና ከሆነ «እንዳይወጣ ደበቀ»፣ ሳቅና ንዴት ከሆነ «ዋጠ» ወይም «አምቆ ያዘ»፣ የሰውነት መከላከያ አቅም ከሆነ «አዳከመ» እንላለን። ሁሉንም «አፈነ» ብሎ የሚያልፍ ሰው መድኃኒት ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ «የምግብ ፍላጎት የሚያፍን ክኒን» አይባልም፣ «የሚዘጋ» እንጂ።

ከመጀመሪያዎቹ 2 ፍቺዎች ጎን ያለችውን አጭር ማስታወሻ እባካችሁ አትዝለሏት። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ነቀፌታ እንዳለበት ትናገራለች። «ፀጥታ አስከበረ» የሚለውን የመግለጫ ቋንቋ በ«ሰፕረስ» የመለሰ ሰው የመግለጫውን ባለቤት አቋም ገልብጦታል።

የእንግሊዝና የአሜሪካ አነባበብ በየራሱ ድምፅ ማጉያ ምልክት ይሰማል፤ የድምፅ ጫናው የሚያርፈው የቃሉ መጨረሻ ላይ ነው።

መዝገበ ቃላቱ አማርኛ ፍቺ ስለሌለው ለጀማሪ ይከብዳል። «ኦፕረስ»ንም (oppress) አብራችሁ ክፈቱ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። «ኦፕረስ» የሚደረገው ሕዝቡ ነው፣ ተጨቆነ ማለት ነው፤ «ሰፕረስ» የሚደረገው ግን የሕዝቡ ተቃውሞ፣ ድምፅ ወይም ጋዜጣ ነው። የሕግ ጽሑፍ የምትተረጉሙ ደግሞ «ክዎሽ»ን (quash) ጨምሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔን ሲሽር የሚገባው እሱ ነው፣ «ሰፕረስ» እዚያ ቦታ የለውም።