ለገጣፎ አካባቢ «ክራፍት ቢራ» ከማዘዛችሁ በፊት ቀኑን እዩ

ወገን፣ ለገጣፎና ጣፎ አካባቢ አዲስ በተከፈቱ ቤቶች «ከውጭ የመጣ ክራፍት ቢራ» (ትናንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩት ቢራ) ሲቀርብላችሁ ቆርኪው ሳይከፈት ጠርሙሱን ተቀብላችሁ እዩት። እኔ የከፈልኩት ብር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያመጡልኝ አይፒኤ የሚባለውን ነው። ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) በብዛት የሚገባበት፣ መራራና ጠንከር ያለ ቢራ። ቀምሼው አላውቅም ነበር። ጌሾ እንደበዛበት ጠላ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው፤ እሱስ ባልከፋ፣ ከምሬቱ ስር ግን የረጠበ ካርቶን ጣዕም ይመጣል፣ መዓዛ ደግሞ ጭራሽ የለውም። አስተናጋጁን ስጠይቀው «ጣዕሙ እንደዚህ ነው፣ እስኪለመድ ነው» አለኝ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አብዛኞቻችን ደህናውን ቀምሰን ስለማናውቅ ምሬቱ ብልሽቱን ይሸፍንላቸዋል። ውጭ ኖሮ የመጣ ጓደኛዬ አንዴ ፉት አለለትና ጠርሙሱን አዙሮ አሳየኝ። ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል!

መራራ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። ደህናው አይፒኤ ገና ሲከፈት ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ማንጎ ይሸታል። ይሄ መዓዛ ግን ቶሎ ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ በጥቂት ወራት ውስጥ መጠጣት አለበት። በኮንቴነር ባህር አቋርጦ፣ በጅቡቲ ሙቀት አልፎ፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ የከረመውን አስቡት። ብርሃንም ያበላሸዋል፤ ከሆፕሱ የሚገኘውን መራራ ንጥረ ነገር ይለውጠውና ቢራው መጥፎ ይሸታል። ቡናማ ጠርሙስ ይሄን በደንብ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ግን ብዙም አያድኑም። እኔ የሄድኩበት ቤት ለማማር ብሎ መስኮት ላይ ፀሐይ ፊት ደርድሯቸዋል።

ጥንካሬውንም ማንም አይነግራችሁም። የለመድናቸው ቢራዎች አልኮላቸው 5 በመቶ አካባቢ ነው። አይፒኤ 6 ወይም 7 ይደርሳል፣ ደብል አይፒኤ የሚሉት ከ8 ሊያልፍ ይችላል። ማታ መኪና ይዛችሁ ወደ ከተማ የምትመለሱ በተለይ ይሄን ልብ በሉ፣ በባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ አትሞክሩት።

ዋጋውን ስታዩ ቫትና ሰርቪስ መጨመሩን ጠይቁ፤ ሜኑ ላይ ያለውና ሂሳቡ አይገናኙም። ባለቤቱን ሳናግረው «ከተከፈተ አይመለስም» ብሎ ዘጋኝ።

ቀኑን ስታነቡም ተጠንቀቁ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ በሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሆነ «2025» የሚለውን አይታችሁ ገና ነው እንዳትሉ። የአሜሪካ ቢራ ከሆነ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የተጻፈው የታሸገበት ቀን ነው፣ የሚያልፍበት አይደለም። ቀኑ የተፋቀ ወይም ስቲከር የተለጠፈበት ከሆነ እንደታሸገ መልሱት።